ራዲያተሩ የተነቀለበት ክፍል፦ በአሮጌ የስቲም (በእንፋሎት የሚሞቅ) ቤት ውስጥ ራዲያተር መልሶ እንዴት ይተከላል

ቦስተን ዶርቼስተር ውስጥ መቶ ዓመት ያለፈው ባለ ሁለት ፎቅ ቤት የገዛነው ጁን ላይ ነበር፣ ጁን ላይ ደሞ ስለ ማሞቂያ የሚያስብ ሰው የለም። ኖቬምበር ገብቶ ብርዱ ሲጀምር ነው ላይኛው ፎቅ ያለው የልጄ ክፍል ራዲያተር፣ ማለትም እንፋሎት ገብቶበት ክፍሉን የሚያሞቀው ብረት፣ እንደሌለው ልብ ያልነው። ሌላው ክፍል ሁሉ አለው። እሷ ክፍል መስኮቱ ስር ግን ከወለሉ አራት ጣት ያህል ብቅ ያለ ክዳን የታሰረበት የብረት ቧንቧ ብቻ ነው ያለው፣ እንጨቱ ላይ ደሞ አራት የሰረጎዱ ምልክቶች፣ የራዲያተሩ እግሮች ለስንት ዓመት ተጭነውት እንደነበር ያስታውቃሉ። አንዱ ቀድሞ ባለቤት ክፍሉን ሲያድስ ነቅሎ ጥሎታል።

የጠራነው ፕላምበር አየት አደረገና "ኤሌክትሪክ ማሞቂያ አስገቡበት፣ ይሄ ያረጀ ነገር አያዋጣም" ብሎን ሄደ። ባለቤቴ ግን ልጅ በምትተኛበት ክፍል ሌሊቱን ሙሉ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ማብራት አልወደደችም፣ ትክክልም ነበረች። ሰፈራችን ውስጥ ለብዙ ዓመት የትልልቅ አፓርትመንት ጥገና የሠሩ አንድ አበሻ አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው፣ እሳቸውን ቡና ጠርተን አሳየናቸው። ቧንቧውን ጎንበስ ብለው አዩና "ልጄ፣ ስቲም ቤት ውስጥ ሥራህ አንድ ነው፣ ለውሃው መመለሻ መንገድ አዘጋጅለት፣ የቀረውን እንፋሎቱ ራሱ ይሠራዋል" አሉኝ። ከዛ በኋላ ያነበብኩትም የሠራሁትም ሁሉ ተጠቅልሎ እዚች ንግግር ላይ ነው የሚያርፈው፣ ስለዚህ እናንተም እያነበባችሁ ይቺን ነገር ያዟት።

መጀመሪያ አሠራሩን እንረዳ። እኛ አገር ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ማሞቂያ ስለሌለ ብዙዎቻችን ከሰል ማንደጃ ነው የምናውቀው፣ እዚህ መጥተን ደሞ ቴርሞስታቱን ከፍ ከማድረግ ውጪ ነገሩን አናየውም። ቤዝመንት ያለው ቦይለር ውሃ ያፈላል። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲቀየር 1,700 ጊዜ ያህል ይሰፋል፣ ስለዚህ ያለ ምንም ፓምፕ በራሱ ጉልበት ቧንቧውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። ራዲያተሩ ውስጥ ሲገባ ቀዝቃዛውን ብረት ይነካና ሙቀቱን ሰጥቶ ተመልሶ ውሃ ይሆናል፣ የጀበና ክዳን ላይ እንደሚያልበው ማለት ነው። አሁን ዋናው ነገር፦ በአሮጌ ቤቶች ውስጥ በብዛት ያለው ባለ አንድ ቧንቧ የሚባለው ነው፣ እንፋሎቱ በወጣበት በዛው ቧንቧ ውሃው ወደ ታች ይመለሳል። አንድ ጠባብ ደረጃ ላይ የሚወጣና የሚወርድ ሰው እንደሚተላለፈው ማለት ነው። ቧንቧው ከጠበበ ወይ የሆነ ቦታ ላይ ውሃ ከተኛ እንፋሎቱ ውሃውን እያንደረደረ ወስዶ ከብረቱ ጋር ያጋጨዋል፣ ሌሊት ላይ ቤቱን በመዶሻ የሚመታ የሚመስለው ድምፅ እሱ ነው።

የእናንተ ቤት ስቲም መሆኑን ሳታረጋግጡ ምንም እንዳትገዙ፣ ምክንያቱም የሙቅ ውሃ ሲስተምም በጣም ተመሳሳይ ራዲያተር ነው ያለው። ቤዝመንት ውረዱና ቦይለሩን እዩት። ጎኑ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ውስጡ ግማሽ ድረስ ውሃ የሚታይበት የመስታወት ቱቦ ካለ ስቲም ነው። ራዲያተሮቹ ላይ ደሞ ከቫልቩ (እንፋሎቱን ከሚከፍተውና ከሚዘጋው) በተቃራኒ ጎን፣ ከፍታው መሀል አካባቢ፣ ጥይት የምታክል ወይ ክብ የሆነች ብርማ ነገር አለች፣ እሷ ቬንት ትባላለች፣ አየር የምታስወጣ ናት። ሙቅ ውሃ ቢሆን ግን ብዙ ጊዜ ፓምፕ ይኖረዋል፣ ራዲያተሩ ላይም ከላይ ጫፉ ላይ በትንሽ ቁልፍ የሚከፈት ማስተንፈሻ ነው የሚኖረው። ስቲም ሆኖ ራዲያተሩ ሁለት ቧንቧ ካለው፣ አንዱ ገቢ አንዱ ወጪ፣ ያ ባለ ሁለት ቧንቧ ነው፣ መውጫው ላይ ትራፕ የሚባል፣ ውሃውን አሳልፎ እንፋሎቱን የሚይዝ ዕቃ ይፈልጋል፣ ቬንት አይገባለትም። እኔ የምጽፈው ስለ ባለ አንዱ ነው።

ሁለት ነገር በጥብቅ ላስጠንቅቅ፣ እነዚህ ላይ ቸል አትበሉ። ቤዝመንት ውስጥ ቧንቧዎቹ ነጭ ወይ ግራጫ፣ እንደ ካርቶን የተሸበሸበ ወይ እንደ ጄሶ የደረቀ ነገር ተጠቅልሎባቸው ከሆነ አስቤስቶስ የሚባለው ብናኙ ሳንባ የሚጎዳ ነገር ሊሆን ይችላል፣ አትንኩት፣ አትቅደዱት፣ አትጥረጉት፣ መጀመሪያ አስመርምሩ፣ ከሆነም ፈቃድ ያለው ሰው ነው የሚያነሳው። ሁለተኛው ቀለም ነው። አሜሪካ ውስጥ የሊድ (መርዛማው እርሳስ ያለበት) ቀለም ለመኖሪያ ቤት የተከለከለው በ1978 ነው፣ ከዛ በፊት የተቀባ ራዲያተር ሊድ አለው ብላችሁ ነው ማሰብ ያለባችሁ። ቤት ውስጥ በሸካራ ወረቀት አትፈግፍጉት፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ካሉ። እግረ መንገዴን፣ ራዲያተሩ እስኪተከል ድረስ በጋዝ ምድጃ ወይ በከሰል ክፍል የሚያሞቅ ወገን ካለ እባካችሁ ተዉ፣ ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው፣ ቦይለር ያለበት ቤት ሁሉ ደሞ የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ይኑረው።

እሺ፣ አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ የተዘጋችውን ቧንቧ ተከትላችሁ ቤዝመንት ድረስ ውረዱ። አንዳንዴ ላይ ያለው ጫፍ ይታያል እንጂ ታች ተቆርጦ ተለያይቷል፣ እንዲህ ከሆነ ሥራው ከፍ ይላል፣ ለባለሙያ ስጡት። የኔ ደግነቱ እስከ ታች ድረስ ሙሉ ነበር። ስትከተሉ በአግድም የሚሄደው ቧንቧ ወደ ቦይለሩ ዘመም ማለቱን በውሃ ልክ እዩ፣ ከዋናው መስመር ወደ ራዲያተር የሚገነጠለው አግድም ቧንቧ በአንድ ፊት (12 ኢንች) ርዝመት ግማሽ ኢንች ያህል መውረድ አለበት። ቤቱ ሲያረጅ ወለሉ ይሰምጣል፣ ቧንቧውም አብሮ ይጎብጣል፣ መሀሉ ላይ ሆድ ከሠራ እዛ ሆድ ውስጥ ውሃ ይተኛል። እኔ አንድ የላላ ማንጠልጠያ አግኝቼ ጠበቅ አድርጌ አነሳሁት።

ከዛ ልኬት ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ሰው ማርኬትፕሌስ ላይ ቆንጆ ራዲያተር ያይና ይገዛል፣ ከዛ ነው መለካት የሚጀምረው። ሦስት ነገር ነው የሚለካው፦ ቧንቧው፣ ክፍሉና ቦይለሩ።

የራዲያተር ጉልበት በስኩዌር ፊት ነው የሚነገረው፣ ኢ ዲ አር ይሉታል። የወለል ስፋት እንዳይመስላችሁ፣ ብረቱ የሚሰጠው የሙቀት መጠን ነው፣ በስቲም 1 ስኩዌር ፊት ማለት በሰዓት 240 ቢቲዩ ነው፣ ቢቲዩ የሙቀት መለኪያ ነው። ሴክሽን የሚባለው ጎን ለጎን ተያይዞ ራዲያተሩን የሚሠራው እያንዳንዱ ቁራጭ ነው፣ አምድ ደሞ አንዱን ሴክሽን ከጎን ስታዩት የቆሙት ቱቦዎች ናቸው። የያንዳንዱ ሴክሽን መጠን በቁመቱና በአምዱ ቁጥር ይታወቃል። ለምሳሌ 38 ኢንች ቁመት ያለው ባለ ሁለት አምድ አንዱ ሴክሽን 4 ስኩዌር ፊት ነው፣ ባለ ሦስት አምዱ 5። 32 ኢንች ባለ ሁለት አምድ 3 ከ1/3፣ 26 ኢንች ባለ ሁለት አምድ 2 ከ2/3። ሴክሽኑን ቁጠሩና በዚህ አባዙት፣ በቃ።

ቧንቧው ምን ያህል ይችላል የሚለው ደሞ የታወቀ ልክ አለው። ባለ አንድ ቧንቧ ላይ ባለ 1 ኢንች ቧንቧ እስከ 24 ስኩዌር ፊት፣ 1 ከ1/4 ኢንች እስከ 60፣ 1 ከ1/2 ኢንች እስከ 100 ነው የሚችለው፣ ከዛ በላይ 2 ኢንች ይፈልጋል። ልብ በሉ፣ ይሄ የውስጡ ስፋት ስም ነው፣ ከውጪ ስትለኩት 1 ከ1/4 የሚባለው 1.66 ኢንች ነው የሚመጣው፣ 1 ኢንች የሚባለው ደሞ 1.315። ሜትር ይዛችሁ "ይሄማ አንድ ተኩል ነው" ብላችሁ እንዳትገዙ። ትልቅ ራዲያተር በቀጭን ቧንቧ ላይ ካሰራችሁ የሚወርደው ውሃ ለሚወጣው እንፋሎት ቦታ አይለቅለትም፣ እዛው ይጣላሉ። የጋሼ ነገር ይኸው መጣ።

ለክፍሉ፣ እኔ ያደረኩት ቀላል ዘዴ አለ። ታችኛው ፎቅ ላይ ልክ ከልጄ ክፍል ስር ያለው ክፍል ስፋቱም መስኮቱም አንድ ነው፣ እዛ ያለው ራዲያተር ቤቱ ሲሠራ የገባ ነው። ሄጄ ቆጠርኩ፣ 38 ኢንች ባለ ሁለት አምድ 7 ሴክሽን፣ 28 ስኩዌር ፊት። መነሻዬ ይሄ ሆነ። የእናንተ ቤት እንዲህ የሚወዳደር ክፍል ከሌለው የሙቀት ብክነት ሂሳብ ኦንላይን መሥራት ይቻላል፣ ግድግዳ፣ መስኮት፣ ጣሪያ እያስገባችሁ። ከጣሪያ ስር ያለ ክፍል ትንሽ ከፍ ይላል። በሌላ በኩል ደሞ በ1920ዎቹ የተሠሩ ቤቶች ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ራዲያተር ነው ያላቸው፣ ከ1918ቱ ወረርሽኝ በኋላ ንጹህ አየር ይግባ ተብሎ በክረምት መስኮት ከፍቶ መተኛት ይመከር ስለነበር መሃንዲሶቹ መስኮት ክፍት እንደሆነ አስበው ነው ያሰሉት። እናንተ ድርብ መስታወት ካስገባችሁና ግድግዳውን ካስሞላችሁ ከድሮው ትንሽ ያነሰ ይበቃችኋል፣ የድሮው ራዲያተር የቱ ነበር ብላችሁ አትጨነቁ።

ቦይለሩ ላይ ሳህን ተለጥፎበታል፣ እዛ ላይ ስቲም ብሎ በስኩዌር ፊት ይጽፈዋል። የቤታችሁን ራዲያተሮች ሁሉ ቁጠሩና ደምሩ፣ አዲሱንም ጨምሩ፣ ከሳህኑ ቁጥር መብለጥ የለበትም። የኔ ሳህን 450 ይላል፣ ያሉት ሲደመሩ 392 መጡ፣ በኋላ የገዛሁት አዲሱ 27 ሲጨመር 419፣ ስለዚህ ተመቸኝ። ሳህኑ ላይ ያለው ቁጥር ቧንቧዎቹን ለማሞቅ የሚያስፈልገውን አስቀድሞ ስለቀነሰ እናንተ ደግማችሁ መቀነስ አያስፈልጋችሁም። ድምሩ ካለፈ ግን ራቅ ያሉት ክፍሎች እንፋሎት ሳይደርሳቸው ቴርሞስታቱ ያጠፋዋል፣ አንዱን ክፍል አሞቃለሁ ብላችሁ ሌላውን ታቀዘቅዛላችሁ።

አሁን ግዢ። ያገለገሉ የቤት ዕቃዎችና የፈረሱ ቤቶች ዕቃ የሚሸጥባቸው ግቢዎች አሉ፣ ቤቱን ሙሉ ለሙሉ የሚያድሱ ሰዎችም ብዙ ጊዜ አንሱልኝ ብቻ ብለው በነጻ ይሰጣሉ። ካስት አይረን ይሁን፣ የአውሮፓውን ስስ ጠፍጣፋ ብረት ለባለ አንድ ቧንቧ ስቲም አታስቡት። ለስቲም የተሠራ ራዲያተር ሴክሽኖቹ ከታች ብቻ የተያያዙ ሊሆን ይችላል፣ ለእኛ ችግር የለውም። ከላይም ከታችም የተያያዘው የሙቅ ውሃው ዓይነትም ለስቲም ይሠራል፣ ግን የቬንት ቀዳዳ ላይኖረው ይችላል። መጨረሻው ሴክሽን ላይ ከፍታው መሀል አካባቢ ክብ እብጠት አለው፣ እዛ ላይ በ11/32 ኢንች መሰርሰሪያ በስቶ በ1/8 ኢንች የቧንቧ ጥርስ ማውጣት ነው። ካስት አይረን ለስላሳ ስለሆነ ቀስ ብላችሁ ከሄዳችሁ አያስቸግርም።

ከመክፈላችሁ በፊት ከፍታው መስኮቱ ስር መግባቱን፣ ስፋቱን፣ ከምንም በላይ ደሞ ከወለሉ እስከ ቫልቭ ማስገቢያው ቀዳዳ መሀል ድረስ ያለውን ቁመት ለኩ፣ የናንተ ቧንቧ ላይ ቫልቭ ሲታሰር ከሚመጣው ቁመት ጋር መግጠም አለበት። ደጅ የከረመ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ውስጡ ውሃ ቀርቶ በረዶ ከሠራ ብረቱን ይሰነጥቀዋል፣ ስንጥቁ ደሞ ቀለም ስር ፀጉር አክሎ ነው የሚታየው። የሻጩን የአትክልት ጎማ ለምኜ፣ አንዱን ቀዳዳ ደፍኜ፣ ውሃ ሞልቼ ግማሽ ሰዓት ካርቶን ላይ አቆምኩት። ካርቶኑ ደረቅ ከሆነ ጥሩ ነው። አንደኛው ያየሁት ራዲያተር በጣም ያምር ነበር፣ አበባ የተቀረጸበት፣ ካርቶኑ ላይ ግን አራተኛው ሴክሽን ስር ሳንቲም የምታክል እርጥበት መጣች፣ ትቼው ሄድኩ። በመጨረሻ የወሰድኩት 32 ኢንች ባለ ሁለት አምድ 8 ሴክሽን ነው፣ 27 ስኩዌር ፊት ገደማ፣ 6,400 ቢቲዩ።

ክብደቱን አትናቁ። በግምት ለያንዳንዱ ስኩዌር ፊት 7 ፓውንድ ነው፣ የኔው ትንሽ የሚባለው እንኳን 190 ፓውንድ ይጠጋል፣ ወደ 85 ኪሎ። ውስጡ ያለውን ውሃ አፍስሱ፣ እዛው ደጅ እያላችሁ በጎማ እጠቡት፣ ጥቁር ዝገት እንደ ቡና አተላ ይወጣል፣ ጥርት እስኪል አትተዉት። ከዛ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ድፈኑ፣ ደረጃ ላይ ዘንበል ሲል የቀረችው ዝቃጭ ፈሳ ምንጣፍ ላይ ካረፈች አትለቅም። ለትልልቅ የቤት ዕቃ የሚሆን ማሰሪያ ያለው ጋሪ ተከራዩ፣ ሦስት ጠንካራ ሰው ጥሩ፣ ከታች ያለው ሰው ሁልጊዜ ከጎን ይቁም እንጂ በቀጥታ ከስር አይቁም። ክፍሉ ውስጥ ሲደርስ ወለሉ ላይ ጣውላ አንጥፉ።

ክዳኑን ማውለቅ የትዕግሥት ሥራ ነው። ቦይለሩን በቀዩ ማጥፊያ አጥፉና "እንዳይበራ" ብላችሁ ወረቀት ለጥፉበት፣ ቧንቧው ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ከዋዜማው ጀምሮ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ጥርሱ ላይ ማታም ጠዋትም አድርጉበት። ከዛ ሁለት የቧንቧ መፍቻ ነው የሚያስፈልገው፣ አንዱ ክዳኑን የሚያዞር፣ ሌላው ቧንቧውን አፍኖ የሚይዝ። በአንድ መፍቻ ብቻ ከታገላችሁት ጉልበታችሁ ክዳኑን ሳይሆን ግድግዳ ውስጥ ያለውን መገጣጠሚያ ነው የሚያዞረው፣ እዛ ከተሰበረ ግድግዳ ማፍረስ ነው። እምቢ ካለ ክዳኑን ዙሪያውን በትንሽ መዶሻ ኳ ኳ አድርጉት፣ ዝገቱን ያነቃንቀዋል። ያም ካልሆነ ክዳኑን በሴጌቶ ከጎኑ ቁመቱን ሰንጥቃችሁ በመሮ ፈልቅቁት፣ ጥርሱን ሳትነኩ። እሳት ግን መቶ ዓመት የደረቀ እንጨት አጠገብ አታቅርቡ።

ሲከፈት ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱት። ቧንቧው የሚወጣበት የወለል ቀዳዳ ከቧንቧው ሰፋ ማለቱንም እዩ፣ ብረት ሲሞቅ ይረዝማል፣ 100 ፊት ቧንቧ ከክፍል ሙቀት ተነስቶ እንፋሎት ሲሞላው ከአንድ ኢንች በላይ ነው የሚጨምር፣ እንጨቱን እየታከከ ከወጣ በየጊዜው ጣ ጣ ይላል።

ቫልቭ አዲስ ግዙ። ቫልቩ ስፑድ ከሚባል አጭር ቱቦ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፣ ስፑዱ ራዲያተሩ ውስጥ ይታሰራል፣ ከዛ በትልቁ ዳዶ ከቫልቩ ጋር ይጋጠማል። ሁለቱ የአንድ ፋብሪካ ካልሆኑ ፊታቸው አይገጥምም፣ ስለዚህ ራዲያተሩ ላይ የቀረውን አሮጌ ስፑድ "ደህና ነው" ብላችሁ እንዳትተዉት። ከውስጡ በሚይዝ ልዩ መፍቻ ይወጣል፣ ካልወጣ ከውስጥ ወደ ውጭ በሴጌቶ ምላጭ ሰንጥቃችሁ በመሮ ወደ ውስጥ ማጠፍ ነው፣ ነሐስ ስለሆነ ይታዘዛል፣ ምላጩ የራዲያተሩን ጥርስ ሊነካ ሲል አቁሙ። እኔ ይቺን ብቻ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል። የራዲያተሩ ቀዳዳ ከቫልቩ ከሰፋ ማጥበቢያ ይገባል።

አዲሱን ስፑድ ቴፍሎን (ጥርሱ ላይ የሚጠመጠመው ቴፕ) እና የቧንቧ ቅባት አድርጋችሁ እሰሩ። ቫልቩንም ቧንቧው ላይ እንዲሁ፣ አሁንም ቧንቧውን በሁለተኛ መፍቻ ይዛችሁ። የሁለቱ መጋጠሚያ ፊት ላይ ግን ምንም አትቀቡ፣ ንጹህ ብረት ለብረት ነው የሚዘጋው። ራዲያተሩን ገፋ አድርጋችሁ ዳዶውን በጣት ብቻ እስከ መጨረሻው አዙሩት። በጣት ካልሄደ ከፍታው ወይ አቅጣጫው አልገጠመም ማለት ነው፣ እግሩ ስር ከፍ ዝቅ አድርጉ፣ በመፍቻ ጎትታችሁ አታስገድዱት። በጣት ካለቀ በኋላ ነው በመፍቻ ጠበቅ የሚደረገው።

ቫልቩ ወይ ሙሉ ክፍት ወይ ሙሉ ዝግ ነው። ሙቀት ለመቀነስ ብላችሁ ግማሽ አትክፈቱት፣ እንፋሎቱ ይገባል ውሃው ግን በዛ ጠባብ በር ተቃራኒውን መውጣት ያቅተዋል፣ ራዲያተሩ ውሃ ይሞላና ይጮሃል። ባለ አንድ ቧንቧ ቤት ውስጥ ጩኸት ስሰማ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የማየው ይሄን ነው።

አሁን ዘመሙ ላይ ደረስን። ራዲያተሩ ከቬንቱ ጎን ከፍ ብሎ ወደ ቫልቩ ዘመም ማለት አለበት፣ ምክንያቱም ውሃው የሚወጣበት በር ቫልቩ ብቻ ነው። ውሃ ልክ ራዲያተሩ ላይ አስቀምጡ፣ አረፋዋ ከመሀል ትንሽ ወደ ቬንቱ ጎን ትሂድ። ወለሉ ላይ አትመኑ፣ የአሮጌ ቤት ወለል ክብደት ያለበት ጎን ይሰምጣል፣ የኔ ወለል ዘመሙ ተቃራኒውን ነበር። ጋሼ ኪሳቸው ገብተው ኳርተር አወጡና ከቬንቱ ጎን ባሉት ሁለት እግሮች ስር ሁለት ሁለት አስገቡ፣ አረፋዋ ስትንቀሳቀስ አብረን አየናት። በኋላ በጠንካራ ፕላስቲክ ቀየርኩት፣ ግን የሳንቲሙ ሥራ ያው ነው። አታብዙት፣ በጣም ካነሳችሁት የቫልቩ መጋጠሚያ ይጣመማል። ከግድግዳውም ሁለት ኢንች ተኩል ያህል አርቁት፣ አየር ከኋላው ይውጣ።

ቬንቷን ቴፍሎን አድርጋችሁ በእጅ አስገቡ፣ ቀጥ ብላ ትቁም። ቬንት ፍጥነት አለው፣ ትንሽ ቀዳዳ ያለው ቀስ ብሎ፣ ትልቅ ቀዳዳ ያለው ቶሎ ነው አየር የሚያስወጣው። ከቦይለሩ ራቅ ላለ ወይ ለሚቀዘቅዝ ክፍል ፈጠን ያለ፣ ቅርብ ላለና ለሚሞቅ ዘገም ያለ ይሁን። ቫልቩን ግማሽ ከፍተን ልናገኘው የፈለግነውን ልክ የምናገኘው እዚህ ነው። ዋናው መስመር ጫፍ ላይ ቤዝመንት ውስጥም ትልቅ ቬንት አለ፣ እሱ ከሞተ ላይ ያለው ራዲያተር ሁሉ የቧንቧውን አየር ጭምር ለማስወጣት ይዘገያል፣ ርካሽ ነገር ነው፣ ቀይሩት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስታበሩት እዛው አጠገቡ ቁጭ በሉ። እኔና ልጄ ወለሉ ላይ ተቀምጠን ነበር። መጀመሪያ ዝምታ፣ ከዛ ቬንቷ ቀስ ብላ ሽ... ማለት ጀመረች፣ አየሩ እየወጣ ነው። ከዛ ቫልቩ ጋለ፣ የመጀመሪያው ሴክሽን፣ ሁለተኛው፣ እጃችንን እያስጠጋን ተከተልነው። ሙቀቱ ቬንቷ ጋ ሲደርስ ጠቅ ብላ ተዘጋች። በቃ፣ እንዲህ መሆን ነው ያለበት። ቬንቷ ውሃ ከተፋች ዘመሙን ወይ ቫልቩን ወይ ግፊቱን እዩ። ሁሉም ሞቆ አንዱ ብቻ ከቀዘቀዘ ቬንቷ ተደፍናለች፣ ግን እንፋሎት እያለ እንዳትፈቱት ያቃጥላል፣ አጥፍታችሁ ሲቀዘቅዝ ነው።

ግፊቱን በተመለከተ፣ ቤት ማሞቂያ ስቲም ከ2 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) በታች ነው የሚሠራው። ቦይለሩ ላይ ያለችው ግፊቱን የምትቆጣጠር ግራጫ ሳጥን በ0.5 አብርታ በ1.5 እንድታጠፋ ነው የምትስተካከለው። ከፍ ሲል ቶሎ ይሞቃል የሚል ሰው ታገኛላችሁ፣ አይሞቅም፣ ጋዙ ብቻ ነው የሚሄደው፣ ቬንቶቹም ይጎዳሉ። ሳጥኗን፣ ጋዙንና የውሃ ማነስ መቆጣጠሪያውን ራሳችሁ አትነካኩ፣ ፈቃድ ያለው የስቲም ሰው ይምጣ፣ ከተማችሁም ለራዲያተር ሥራ ፈቃድ ይጠይቅ እንደሆነ ቀድማችሁ ደውሉ። ተከራይ ከሆናችሁ ደሞ ጨርሶ የናንተ ሥራ አይደለም፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ በማሞቂያው ወራት አከራዩ ቀን 68፣ ሌሊት 64 ዲግሪ ፋራናይት የሚያደርስ ማሞቂያ የማዘጋጀት ግዴታ አለበት፣ ከተማው ጋ ማመልከት ትችላላችሁ።

ከሥራው በኋላ ባሉት ቀናት የቦይለሩን መስታወት ተመልከቱ። ውሃው ከመጠን በላይ ላይ ታች ካለ ወይ ከላይ ዘይት ከታየ አዲሱ ቧንቧና ቅባት ያመጣው ነው፣ ዘይት ያለው ውሃ እንፋሎቱን እርጥብ ያደርገዋል፣ ባለሙያው በላይኛው መውጫ ቀስ ብሎ እያፈሰሰ ያጠራዋል። ውሃ በየጊዜው መጨመር ካስፈለጋችሁ ደሞ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው፣ አዲሱን መጋጠሚያ በደረቅ ወረቀት ዳሱት። እኔ በሳምንቱ ዳዶውን ትንሽ ጠበቅ አደረኩት፣ ሞቆ ሲቀዘቅዝ ላላ ብሎ ነበር።

ቀለም መቀባት ከፈለጋችሁ ተራ ለብረት የሚሆን ቀለም ጥሩ ነው፣ የብርና የነሐስ የሚያብለጨልጭ ቀለም ግን ሙቀት ይቀንሳል፣ ቁም ነገሩ የመጨረሻው ንብርብር ነው፣ ከስር ብርማ ቢሆንም ከላይ ተራ ቀለም ካለፈበት ይስተካከላል። መጀመሪያ የሚሞቅበት ቀን ስለሚሸት መስኮት ክፈቱ። ከላዩ ሳጥን የሚያለብሱ አሉ፣ ከፊቱ ከታችና ከላይ አየር የሚያሳልፍ ካልሆነ እኔ አልመክርም፣ ያንን ሁሉ ለክታችሁ ያመጣችሁትን ሙቀት እዛው ያስቀረዋል። ልጄ ክፍል ራዲያተሩ ላይ ጠዋት ካልሲዋን ዘርግታ ለብሳ ነው የምትወጣው፣ የክፍሉ ቴርሞሜትርም ባለፈው ጃንዋሪ በዛ ሁሉ ብርድ 68 ላይ ነበር።